ለእጅ እንጂ ለጆሮ አንከፍልም

መኪና ሲታጠፍ ከፊት ጎማ አካባቢ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ሲያሰማ ብዙዎቻችን ከሁለት አንዱን እናደርጋለን፡፡ አንደኛው ሬዲዮኑን ከፍ ማድረግ ነው፡፡ ሁለተኛው ጋራዥ ወስዶ «የሆነ ነገር ይንቀጫቀጫል፣ ቶሎ በልልኝ» ብሎ ቁልፉን ሰጥቶ ማኪያቶ ወዳለበት መሄድ ነው፡፡ በእኔ እምነት ሁለቱም ያው ናቸው፡፡ በሁለቱም መንገድ ድምፁን ያዳመጠው ሰው የለም፡፡

ነገሩ ግን ምስጢር አይደለም፡፡ የፊት ጎማዎቹ በሚጎትቱት መኪና፣ ለምሳሌ በየመንገዱ በምናየው ቪትስ፣ የፊት ጎማ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ አለበት፡፡ የሞተሩን ኃይል ተቀብሎ ይሽከረከራል፤ መሪው ሲዞር ደግሞ ይታጠፋል፡፡ እየታጠፉ መሽከርከር እንዲቻል ዘንጉ ጎማው ጋ ሲደርስ በብረት ኳሶች የሚሠራ መገጣጠሚያ አለው፤ «ሲቪ ጆይንት» የሚባለው ነው፡፡ የኳሱን ዓይነት የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው የእንግሊዟ ሚኒ ከተጠቀሙበት ቀደምት ትንንሽ መኪኖች አንዷ ናት፡፡ ኳሶቹ በግራሶ ተሞልተው በተሸበሸበ የጎማ ሽፋን ይታሸጋሉ፡፡ ሽፋኑ ሲቀደድ ግራሶው እየተረጨ ይወጣል፤ በምትኩ አቧራና ጭቃ ይገባል፡፡ ከዚያ ኳሶቹና የሚሄዱበት ቦይ ይበላሉ፡፡ መኪናው ነዳጅ ተሰጥቶት ሲታጠፍ ያ የተበላው ቦታ ነው «ቀጭ» የሚለው፡፡

ይህን ለማወቅ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፡፡ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ጎን አዙሮ ቀስ ብሎ ክብ መሥራት፣ ከዚያም ወደ ሌላው ጎን መድገም ነው፡፡ ድምፁ ከጎማው ዙር ጋር አብሮ ከፈጠነ ሲቪ ጆይንት ይጠረጠራል፡፡ ወደ ግራ ሲታጠፍ ከበረታ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው የቀኙ ነው፤ ጥርጣሬ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፡፡ መኪናው ቆሞ መሪ ብቻ ሲዞር የሚጮህ ከሆነ ግን ጎማው ስላልተሽከረከረ ምክንያቱን ሌላ ቦታ፣ የሾክ አብዞርበሩ አናት ወይም የመሪው ቴስቲና ላይ መፈለግ ይሻላል፡፡ ቀጥ ብሎ ሲሄድም «ቀጭ ቀጭ» ካለ ጎማው ጥርስ ውስጥ የተሰካች ጠጠር ልትሆን ትችላለች፡፡ የላላ የጎማ ዳዶም ድምፅ ያወጣል፤ ይሄ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም፡፡ እንደ ላዳና እንደ አሮጌው ኬኢ 70 ኮሮላ በኋላ ጎማ በሚገፉት መኪኖች ላይ ደግሞ ፊት ለፊት ሲቪ ጆይንት የሚባል ነገር ጭራሽ የለም፡፡

ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፡፡ ያቺ ሩብ ሰዓት ስትታለፍ ግን ምን እንደሚመጣ አጎቴን ያየ ያውቃል፡፡ አጎቴ በቪትስ ሰው እያመላለሰ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው፡፡ አንድ ጋራዥ መኪናውን ሳይነዳ ሾክ አብዞርበር ቀየረለት፤ ድምፁ አለ፡፡ ቴስቲና ቀየረለት፤ ድምፁ አለ፡፡ ለሁለቱም ከፍሏል፤ መኪናው በቆመበት ቀን ሁሉ ደግሞ ገቢ የለም፡፡ በኋላ አንድ ወጣት መካኒክ ከጎኑ ተቀምጦ ሁለት ዙር አዞረው፤ መሪውን አስጠምዝዞ አጎንብሶ አየና «ጋሼ፣ ይምጡ እዩት» አለው፡፡ ሽፋኑ ተቀዷል፤ የቸርኬው ውስጥ በግራሶ ጠቁሯል፡፡ ሽፋኑ ገና ሲቀደድ፣ ድምፅ ሳይጀምር ቢታይ ኖሮ አጥቦ፣ ግራሶ ሞልቶ፣ አዲስ ሽፋን ማልበስ ይበቃ ነበር፡፡ ድምፅ ከጀመረ በኋላ ግን ግራሶ መጨመር ራስን ማታለል ነው፤ መገጣጠሚያው ወይም ዘንጉ በሙሉ ይቀየራል፡፡ ዝም ከተባለም ይሰበርና መኪናው መንገድ መሀል ኃይል አጥቶ ይቆማል፡፡

ታዲያ ጥፋቱ የመካኒኩ ብቻ ነው? እኔ አይመስለኝም፡፡ መካኒኮችን ብትጠይቋቸው «ደንበኛው ላየሁበት አይከፍለኝም፣ የሚከፍለኝ ለፈታሁበት ነው» ይሏችኋል፡፡ እውነታቸውን ነው፡፡ አንድ ሰው አዳምጦ፣ አጎንብሶ፣ «ጠጠር ናት» ብሎ በጣቱ ቢያወጣልን «ለዚች ነው እንዴ የምከፍለው?» እንላለን፡፡ ዕቃ ፈትቶ ከቀየረ ግን ሳናንገራግር እንከፍላለን፡፡ እንዲህ ስናደርግ ባለሙያውን ዝም ብሎ እንዲፈታ እያስተማርነው ነው፡፡ የሚያውቀው ይራባል፤ የሚገምተው ይጠቀማል፡፡

ስለዚህ የምርመራ ሂሳብ ከጥገና ሂሳብ ተለይቶ መከፈል ይልመድ እላለሁ፡፡ ለምርመራ የከፈለ ደንበኛ ደግሞ ሦስት ነገር የመጠየቅ መብት አለው፤ አብሮ ነድቶ ማሰማት፣ ከመፈታቱ በፊት ጉዳቱን በዓይኑ ማየት፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ መረከብ፡፡ «ገንዘብ የለኝም፣ ተጨማሪ ወጪ ነው» የሚል ይኖራል፡፡ ገንዘብ የሌለው ሰው ነው እኮ በግምት መቀየርን የማይችለው!

ነገሩ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ይመለከተናል፡፡ የአደጋ ዜና ስንጽፍ «በቴክኒክ ብልሽት» ብለን እናልፋለን፡፡ የትኛው ዕቃ? ቀድሞ ምልክት አሳይቶ ነበር? ሹፌሩ ጋራዥ ወስዶት ነበር? ብለን የምንጠይቀው ስንቶቻችን ነን? ሳያዳምጥ ዕቃ የሚፈታ መካኒክና ሳይጠይቅ ምክንያት የሚጽፍ ጋዜጠኛ ወንድማማቾች ናቸው፡፡ ክፍላችን በተግባር ልምምድ ፕሮግራሙ ላይ ተማሪዎችን አንድ ቀን ጋራዥ ቢልክ፣ ሙያውን በሰው ቋንቋ የሚያስረዳ ጽሑፍ ይዘን እንመለሳለን ብዬ አምናለሁ፡፡ አንባቢው ብሩን የሚያተርፍበት ጽሑፍ ደግሞ ተነቦ አይጣልም፤ ተቆርጦ ይቀመጣል፡፡