የሥራ ፕላን ከርክክቡ ይጀምር

አንድ አስመጪ ዕቃ ባዘዘ ጊዜ የሚጠይቀው፣ ዕቃው በዓይነቱና በቍጥሩ ልክ ከመጋዘኑ መግባቱን ነው፤ መርከቡ በባሕር ላይ ስንት ቀን እንደ ደከመ አይጠይቅም። ላኪውም ገዢው ገንዘብ የሚቈጥርለት በውሉ መሠረት ለተረከበው ቡና ብቻ መሆኑን ጠንቅቆ ያውቃል። ይሁን እንጂ ይኸው ነጋዴ መጋዘን ሲያሠራ ወይም መንገድ ሲያስጠርግ ይህን ደንብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል፤ «ሥራው በመካሄድ ላይ ነው» ወይም «ከእኩሌታ በላይ ደርሷል» የሚል ወሬ ሰምቶ ረክቶ ይመለሳል።

በዛሬው ጊዜ ለፕሮጀክት አመራር የምስክር ወረቀት ፈተና የሚዘጋጁ ወጣቶች ከሚማሩት ዋና ነገር አንዱ፣ ሥራን በሚረከቡ ውጤቶች ከፍሎ ማቀድ ነው። ፕላን አውጪው በመጨረሻ ምን እንደሚያስረክብ አስቀድሞ ይጽፋል፤ ቀጥሎም ይህንኑ ወደ ትናንሽ ርክክቦች ይከፋፍላል። የትናንሾቹም ድምር ሳይጐድልና ሳይተርፍ ከትልቁ ጋር እኩል መሆን ይኖርበታል። ሠራተኛው፣ ገንዘቡና ቀኑ የሚመደቡት ከዚህ በኋላ ነው።

የዚህን ደንብ ክብደት ለመረዳት ከምዕራብ ሐረርጌ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ምድር ባቡር ሲሠራ፣ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለው ሥራ ለአንድ የቻይና ድርጅት፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ያለው ደግሞ ለሌላ የቻይና ድርጅት ተሰጥቶ ነበር። እያንዳንዱ ድርሻውን ቢፈጽም እንኳ ሁለቱ ሚኤሶ ላይ እስኪጋጠሙ ድረስ ዕቃ ወደ ወደብ ሊያልፍ አይችልም። መስመሩ በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው ግን በታኅሣሥ ወር 2010 ዓ.ም. ነው። ለሐዲድ ሠሪው ርክክብ ማለት ሐዲዱ ነው፤ ለነጋዴው ግን ዕቃው የሚጫንበት ፉርጎ፣ የሚከፈለው የታወቀ ኪራይና የሚነሣበት የታወቀ ቀን ነው። ስለዚህ ፕላን ሲወጣ ተረካቢው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል።

የቀድሞው መስመር ታሪክ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተጀመረው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ነገር ግን በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ በመግባቱ፣ ሥራው በገንዘብ እጦት ለዓመታት ቢቋረጥም ያለቀው ክፍል ለብቻው ያገለግል ነበር። ዕቃ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ወዲያ በአጋሰስ ይጓዝ ነበር፤ የድሬዳዋ ከተማም በዚሁ ምክንያት ተቈረቈረች። በሚገባ የተከፈለ ሥራ መካከል ላይ ቢቆም እንኳ ባለቤቱን ባዶ እጁን አያስቀረውም።

ይህም ምክር ለትንሹ ሥራ ጭምር ይሆናል። ለምሳሌ የቦኬ ቡና ነጋዴዎች ተባብረው ማድረቂያና መጋዘን ለማሠራት ቢያስቡ፣ የሐረርጌ ቡና በልማድ ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ስለ ሆነ፣ ሁሉ ነገር ለቀማው ከመግባቱ በፊት መሰናዳት አለበት። ጣራ የሌለው መጋዘን «ዘጠና በመቶ አልቋል» ቢባል አንድ ጆንያ እንኳ ከዝናብ አያድንም። ስለዚህ ፕላኑ ከመጀመሪያው የለቀማ ቀን ወደ ኋላ ተቈጥሮ፣ የማድረቂያው አልጋ፣ ዝናብ የማያስገባው መጋዘን፣ የተመረመረው ሚዛንና ለጭነት መኪና የሚያመቸው መንገድ እያንዳንዳቸው መቼ መረከብ እንዳለባቸው ይወስናል። ከእያንዳንዱም አጠገብ መለኪያው፣ የተረካቢው ስምና ቀኑ ይጻፋል። «መጋዘኑ ተሠራ» ማለት አይበቃም፤ ስንት ኵንታል እንደሚይዝና ጆንያው መሬት እንዳይነካ ርብራብ ያለው መሆኑም መጻፍ አለበት። ክፍያውም በዚሁ ርክክብ መሠረት ቢፈጸም ክርክር ይቀንሳል።

የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በየጊዜው በሚለዋወጥበት ጊዜ እንዲህ ያለ ጥብቅ ጽሑፍ እጅ ያስራል የሚሉ አይጠፉም። አሳባቸው ፈጽሞ የሚናቅ አይደለም፤ ለውጥ መምጣቱ አይቀርምና። ዳሩ ግን የሚረከበው ነገር በጽሑፍ ከታወቀ፣ ዋጋ ሲንር የትኛው ርክክብ እንደሚቀነስ ወይም እንደሚዘገይ ባለገንዘቡና ሠሪው ተስማምተው ሊወስኑ ይችላሉ። ያልተጻፈ እንደ ሆነ ግን የሚቀነሰው ሠሪው የፈለገው ነው፤ ነጋዴውም ጉድለቱን የሚያገኘው ቡናው ከደጁ በደረሰ ጊዜ ይሆናል። የባንክ ወለድ መቈጠሩን አያቆምም፤ የለቀማውም ወራት አይጠብቅም።

እንግዲህ ገንዘቡን በሥራ ላይ ለማዋል የተነሣ ነጋዴ ሁሉ፣ የመሠረቱ ድንጋይ ከመቀመጡ በፊት በመጨረሻ የሚረከበውን፣ የሚለካበትንና የሚረከብበትን ቀን በአንድ ገጽ ወረቀት አስፍሮ ከሠሪው ጋር ሊፈራረምበት ይገባል።