ቀንድ አውጣዎቹ ይወገዱ ለምትሉ



በማኅበራችን አዳራሽ ያለው የዓሣ ገንዳ የልጆቻችን መደሰቻ መሆኑ የታወቀ ነው። ሰሞኑን ግን ትንንሾቹ ቀንድ አውጣዎች በማጣሪያው ቱቦ እየተሳቡ ስላለቁ፣ ገሚሱ ሰው «ወንዝ ይጣሉ»፣ ገሚሱ «ማጣሪያው ማታ ማታ ይጥፋ» ይላል። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም አልደግፍም።

ከደቡብ አሜሪካ ወደ እስያ የተወሰደ ቀንድ አውጣ ወንዝና ቦይ ገብቶ ስንት የሩዝ ማሳ አጥፍቷል። ማጣሪያው ሲጠፋ ደግሞ ውስጡ ያሉት ውሃ የሚያጠሩ ባክቴሪያዎች አየር አጥተው ያልቃሉ፤ መዘዙ ለዓሣዎቹም ይተርፋል።

መላው ቀላል ነው። ውሃ በሚስበው ቱቦ አፍ ላይ ሳሙና ያልነካው፣ ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ ስፖንጅ ማልበስ ነው። ስፖንጁ ሲደፈን ሞተሩ መጀመሪያ ከሶኬት ይነቀል። ከዚያ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ይታጠብ እንጂ በቧንቧ ውሃ አይሁን፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጃል።

ቀንድ አውጣ የዓሣውን ትራፊና መስታወቱ ላይ የሚይዘውን አረንጓዴ እየበላ የሚያጸዳ ደሞዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ነው። አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ማኅበሩን አያከስርም። ልጆቻችን ያስቸገረን ነገር ሁሉ አውጥቶ መጣልን ከእኛ አይማሩ።

የማኅበሩ ጸሐፊ