የሴት ቡችላ ዕጣ

ባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻችን በየዓመቱ በጥቅምት 21 አካባቢ የሚልኩልንን ፎቶ አይታችሁ ይሆናል። ሃሎዊን የሚሉት በዓላቸው ነው። ልጆች ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው ከደጅ ደጅ እየዞሩ ከረሜላ ይቀበላሉ። በዚህ በዚህ እንኳ ለሆያ ሆዬአችን ሩቅ አይደለም። አሁን አሁን ግን ልብሱ ለውሻና ለድመትም ሆኗል። የአሜሪካ የችርቻሮ ነጋዴዎች ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. ለቤት እንስሳት የበዓል ልብስ ብቻ 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚወጣ ገምቶ ነበር።

ከእህቴ ልጅ የደረሱኝን ፎቶዎች ሳይ አንድ ነገር ዓይኔን ሳበው። ወንዱ ውሻ ፖሊስ ወይም እሳት አጥፊ ነው። ሴቷ ደግሞ ሙሽራ፣ ልዕልት ወይም ባለ ክንፍ ቢራቢሮ ናት፣ ያውም በሮዝ ቀለም። ውሻ ቀይንና አረንጓዴን እንደ እኛ ለይቶ አያይም። ሮዙ ለእሱ ግራጫ ቢጤ ነው። ስለዚህ ልብሱ ለውሻው የተሰፋ አይደለም። መልእክቱ የሚደርሰው የውሻውን ገመድ ይዞ ከኋላ ለሚሄደው ልጅ ነው። ልጁ ማን እንደሚጠብቅና ማን አምሮ እንደሚቀመጥ ከዚያ ይማራል።

ሮዝ የሴት መሆኑም ቢሆን ከጥንት የመጣ ሕግ አይደለም። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1884 እ.ኤ.አ. ገና ሕፃን ሳሉ የተነሱት ፎቶግራፍ አለ። ጸጉራቸው ረዝሞ፣ ቀሚስ ለብሰው ይታያሉ። በዚያ ዘመን ለወንድ ሕፃን ይህ የተለመደ ነበር።

«ፈረንጅ ሥራ ፈቶ ነው» ብለን ስቀን ልናልፈው እንችላለን። እኛ ለውሻ ቀሚስ አንሰፋም። ግን የሰፈር ውሻ ስትወልድ እዚህ ደሴ የምንሰማው ምንድን ነው? «ወንዱን ያዙልኝ» ነው። ወንዶቹ ቡችሎች ዓይናቸው ሳይገለጥ ባለቤት ያገኛሉ። ሴቶቹን የሚጠይቅ የለም።

ባለፈው ክረምት በእኛ ሰፈር አንዲት ውሻ አምስት ወለደች። ሁለቱ ወንዶች ወዲያው ተወሰዱ። ሦስቱ ሴቶች ግን አንድ ጠዋት በማዳበሪያ ከረጢት ተይዘው ወደ ወንዙ ዳር ሄዱ። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር።

«እማማ፣ ሴት ስለሆኑ ነው?» አለችኝ።

«መውለዳቸውን ፈርተው ነው» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «ባይወልዱ ወንዶቹ ከየት ይመጣሉ?» አለች።

ሰዎቹን በጭካኔ ብቻ አልከስም። ሴት ውሻ በዓመት እስከ ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። በየጊዜው የሰፈሩ ወንድ ውሾች አጥሩን ይከባሉ፣ ቡችላውን የሚቀበል ይጠፋል። ችግሩ እውነት ነው። ግን ወጪውን ሁሉ የምትከፍለው ሴቷ ናት፣ ልጆቻችንም ያንን ቆመው ያያሉ። ሴት ውሻ ደግሞ በጥበቃ አታንስም። በር ላይ እንግዳ ሲደርስ ጩኸቷ ከወንዱ አይለይም።

ቋንቋችንም በዚህ ነገር እጁ አለበት። ጾታውን ሳናይ «ድመቷ መጣች»፣ «ውሻው ጮኸ» እንላለን። ትንሽና ቆንጆ ነገር ሁሉ ለአማርኛ ሴት ነው፦ ቤቷ፣ ኩባያዋ፣ መንገዷ። ይህ ፍቅርም ስላለበት ይቅር አልልም፣ ወንድ ልጃችንን ስናቆላምጥ «አንቺ» የምንል ብዙዎች ነን። ግን ጎበዝ ሴት ስናይ «ወንድ ናት» ብለን እናመሰግናለን፣ ወንዱን ልንሰድብ ስንፈልግ «ሴት» እንለዋለን። አንዱ ቃል ምስጋና፣ ሌላው ስድብ ሲሆን ልጅ ሚዛኑን አይስተውም።

የሚገርመው ይህን የምንለው ወሎ ላይ ሆነን ነው። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወሎን ከመሩት መካከል ወርቂትና መስተዋት ሴቶች ነበሩ። የከተማችን ስመ ጥር ትምህርት ቤትም የተሰየመው በወይዘሮ ስሂን ነው። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው።

ይህን ስል አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ሴትና ወንድ ተለይተው የሚጫወቱባቸው በዓሎቻችንስ ይቅሩ ልትይ ነው?» ሊለኝ ይችላል። አልልም። ነሐሴ 13 ለቡሄ ወንዶቹ ዱላቸውን እየደቁ ሆያ ሆዬ ይላሉ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በሰቆጣ ሻደይ፣ በላሊበላ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል ብለው ልጃገረዶች አደባባዩን ይይዙታል። በእንቁጣጣሽ ደግሞ አበባየሆሽ አለ። በነዚያ ቀናት ሴት ልጅ ከበሮውም፣ ድምፁም፣ መንገዱም የእሷ ነው።

እኔ የምለካው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ልዩነቱ ለልጁ ይሰጣል ወይስ ይወስድበታል? ሻደይ ለልጃገረዷ ቀን ይሰጣታል። «ወንዱን ያዙልኝ» ግን ከሴቷ ይወስዳል። ሆያ ሆዬ ለወንዱ ልጅ ደስታ ይሰጠዋል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ግን እንባውን ይወስድበታል።

ስለዚህ ለወላጆችና ለአያቶች የምለው ትንሽ ነው። ለልጆች ቡችላ ልታመጡ ካሰባችሁ ሴቷንም ተመልከቱ። የእንስሳት ሐኪም ጋ ወስዳችሁ መውለድ እንዳትችል ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፣ በዚያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን አስወጉ። ክትባቱ ለወንዱም ያው ግዴታ ነው። ቤት ስትገባ ሥራውን ለልጆቹ አካፍሉ። ወንዱ ልጅ ያብላት፣ ይጠብላት። ሴቷ ልጅ ገመዱን ይዛ ሰፈሩን ታዙራት። ስም ስታወጡላትም ልጆቹን ጠይቁ፣ ያወጡላትንም ስም አትቀይሩባቸው።

የልጅ ልጄ የመረጠችውን ስም ነግራኛለች። ቡችላዋ ገና አልመጣችም እንጂ ስሟ «ዘበኛዋ» ነው።