የሀደሮ ዝንጅብል፦ ገበያው ሳይጠፋ ዘሩ ሲጠፋ

በከምባታ ዞን ስለ ወጪ ንግድ ሲወራ ዝንጅብል ሳይነሳ አይቀርም። ሀደሮና ጡንጦ ዙሪያ ወረዳ በዝንጅብል ምርት ከሀገሪቱ ቀዳሚ አካባቢዎች አንዱ ነበር። አርሶ አደሩ ያመርታል፣ ቤተሰቡ ያደርቃል፣ አነስተኛ ነጋዴው ይሰበስባል፣ ላኪው ሱዳንና የመንን ወደመሳሰሉ ሀገሮች ይልካል። በ2004 ዓ.ም. የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ማሳውን ሲያወድም ሁሉም አብረው ተጎዱ። ጉዳቱ ለሀዲያና ለወላይታም ተርፏል።

ያኔ ገዥ አልጠፋም፤ የጠፋው ጤነኛ ዘር ነው። ዝንጅብል የሚራባው በሥሩ በመሆኑ የታመመ ሥር ለዘር ሲሸጥ በሽታውም አብሮ ይሸጣል። ገበያው ሲደራ ዘር ከወረዳ ወረዳ ይጓዛል። ባክቴሪያው አፈር ውስጥ ይቆያል፣ በጎርፍና በእርሻ መሣሪያ ይተላለፋል፤ አስተማማኝ መድኃኒትም የለውም።

እናም እዚህ አዲስ አሠራር ሲባል የግድ ውድ ማሽን ማለት አይደለም። የተጠረጠረው ግንድ ተቆርጦ በንጹህ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ሲያዝ ወተት የመሰለ ክር ከወረደ ባክቴሪያው አለ ማለት ነው። የቀበሌው ልማት ሠራተኛ ይህን ማሳው ላይ በደቂቃዎች ማሳየት ይችላል። የታመመው ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠላል፤ ማሳውም በበቆሎ ወይም በሌላ የብርዕ ሰብል ይፈራረቃል። ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬ ግን ለዚሁ ባክቴሪያ ስለሚጋለጡ ለማፈራረቂያ አይመከሩም።

ንጹህ ዘር በቲሹ ካልቸር ይባዛል። ሆኖም ከቤተ ሙከራ የወጣ ችግኝ በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠው ሥር ትንንሽ ስለሆነ ደጋግሞ መትከል ይጠይቃል። አርሶ አደሩ እስከዚያ በምን ይኑር? ከክልል እስከ ቀበሌ በሚወርደው ዕቅድ ውስጥ ሄክታሩ ተጽፎ የዘሩ ምንጭ ካልተጻፈ፣ ጥያቄው መልስ አያገኝም።

ሌላው ጉዳይ ማድረቁ ነው። አምስት ኪሎ እርጥብ ዝንጅብል ሲደርቅ አንድ ኪሎ ገደማ ይሆናል። ያም መሬት ላይ ተሰጥቶ ዝናብ ካገኘው ይሻግታል። የአውሮፓ ኅብረት በዝንጅብል ውስጥ የሚፈቅደው አፍላቶክሲን ቢ1 በኪሎ 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ለቡና የሚሠራው የሽቦ አልጋ ለዝንጅብልም ያገለግላል። ነገር ግን ነጋዴው አልጋ ላይ የደረቀውንና መሬት ላይ የደረቀውን በአንድ ዋጋ እስከገዛ ድረስ ማንም ለሽቦ ገንዘብ አያወጣም። የወረዳው ንግድና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በጋራ ሊይዙት የሚገባው ይህንኑ ነው፤ የዘር ገበያው ቁጥጥር ደግሞ ከበልጉ ተከላ በፊት መጀመር አለበት።