ውሮ ለምን ወፈረ?

ለንደን የመጣሁት የልጅ ልጆቼን ልጠብቅ ነበር፤ ድመት ወጊ ሆኜ ቀረሁ። የልጄ ድመት ውሮ ስኳር አለበት። በየ12 ሰዓቱ ኢንሱሊን የምወጋው እኔ ነኝ። እኔም ስኳር ስላለብኝ እጄ አይንቀጠቀጥም። መርፌዎቻችንን ግን ለየብቻ አስቀምጣለሁ፤ የሱ ባለ 40 ነው፣ የኔ ባለ 100። ቢቀያየር መጠኑ ይዛባል።

ግራ ያጋባን ሌላ ነው። ከ1 ዩኒት ተነስተን 10 ደረስን፤ ስኳሩ አልወረደም። ስኳሩ ያልተስተካከለለት ይከሳል፣ ውሮ ግን 7 ኪሎ ሆነ። ፊቱ ሰፋ፣ አገጩ ወጣ። ልጆቹ «አንበሳ ሆነ» ብለው ተደሰቱ። የእንስሳት ሐኪሟ ግን ይህን ስትሰማ አክሮሜጋሊ ጠርጥራ ደም ወሰደች። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ላይ እባጭ ሲወጣ የእድገት ሆርሞን ይበዛል፤ እሱም ኢንሱሊኑን ሥራ ያስፈታዋል።

ከተረጋገጠ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይቻላል። ዋጋው ግን ልጄንና ባሏን ሁለት ሌሊት ሙሉ አስመክሯቸዋል።

ውጤቱ እስኪመጣ መጠኑን በራሳችን አንነካም። ስኳሩ ድንገት ወርዶ ከተንገዳገደ ድዱን ማር ቀብቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ማሩ ያለበትን ትንሹ የልጅ ልጄም ያውቃል።