ባዶው ጋሪ

በዚህ ወር ልጆቹን ካስተኛችሁ በኋላ ለሁለት እንድታዩት የምጋብዛችሁ «ልጁ» የተሰኘውን የቤልጂየም ፊልም ነው። የዳርደን ወንድማማቾች ሠርተውት በ2005 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል ፓልም ዶርን አሸንፏል።

ሶንያ 18፣ ብሩኖ 20 ዓመታቸው ነው፤ ሳያስቡት ወለዱ። የሰረቀውን እየሸጠ የሚያድረው ብሩኖ አንድ ቀን አራሱን ልጅ ይሸጠዋል። ሶንያ ስትሰማ ራሷን ስታ ትወድቃለች። ሕፃኑን ቢያስመልሰውም እሷን ማስመለስ ግን ይከብደዋል። ፊልሙ ማጀቢያ ሙዚቃ የለውም። ካሜራው ባዶ ጋሪ የሚገፋውን ወጣት ዝም ብሎ ይከተለዋል።

የእኔም እንጀራ መሸጥ ነው፤ ሁሉን በዋጋ ማየት ለምዶብኛል። የመጀመሪያ ልጃችን ሳናቅድ ስትመጣ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ የቤት ኪራይና የዳይፐር ሂሳብ እደምር ነበር። ታቅፌያት እንኳ የምትታየኝ እንደ ወጪ ነበር። አባት የሆንኩት ከሳምንታት በኋላ፣ አንድ ሌሊት ትኩሳቷ አልወርድ ብሎ እጄን ግንባሯ ላይ አድርጌ ሲነጋ ነው። በብሩኖ ላይ ለመፍረድ ያልቸኮልኩት ለዚህ ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ተጠያየቁ፦ እናንተስ ወላጅ የሆናችሁት ልጃችሁ የተወለደ ዕለት ነው ወይስ ቆይቶ?