«አትችልም» ከማለታችን በፊት፦ ልጆቻችን፣ ሩጫና ብስክሌት

«ሐበሻ ሯጭ ነው እንጂ ብስክሌተኛ አይደለም።» ካፉሪ የኖረ ሰው ይህን ሳይሰማ አልቀረም። ሱዳናዊው ጎረቤት ኢትዮጵያዊ መሆናችንን ሲያውቅ ስለ ኃይሌ ይጠይቃል፤ ወላጁም ልጁ ብስክሌት ሲለምነው «እኛ እኮ የሩጫ ሰዎች ነን» ብሎ ይመልሳል። አባባሉ ምስጋና ስለሚመስል የሚከራከረው የለም። እኔ ግን ልከራከረው ነው፤ ምክንያቱም ልጆቻችንን የሚመዝነው በተዛባ ሚዛን ነው።

ነገሩ ዛሬ ቀላል አይደለም። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ከተነሳ ወዲህ የካፉሪና የባህሪ ወገን ተበትኗል። አንዱ ገዳሪፍ፣ አንዱ መተማ፣ ሌላው አዲስ አበባ ወይም ካይሮ ነው። ሱቁን ጥሎ የወጣ ሰው ዛሬ በትንሽ ካፒታል እንደ አዲስ እየጀመረ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጅ ብስክሌት ሲጠይቅ ለመከልከል የሚቀለው መልስ «አንተ ለዚህ አልተፈጠርክም» የሚለው ነው። ነገር ግን «ገንዘብ የለኝም» እና «ችሎታ የለህም» ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው። የመጀመሪያው ንግዱ ሲቃና ይረሳል። ሁለተኛው ግን ከልጁ ጋር አብሮ ያድጋል።

እስቲ እንደ ነጋዴ እናስበው። የሩጫ ችሎታ ደጅ ላይ ተዘርግቶ የሚታይ ዕቃ ነው። ለመታየት የሚያስፈልገው መንገድና እግር ብቻ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ ጫማ እንኳ አላደረገም። ኃይሌ ገብረሥላሴም አርሲ ውስጥ ደብተሩን በክንዱ ይዞ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ማንም ምንም አልገዛለትም። የብስክሌት ችሎታ ግን መጋዘን ውስጥ እንደተቆለፈ ዕቃ ነው። ብስክሌቱ ያስፈልጋል፤ ከመነዳሪያው እስከ ሰንሰለቱ መለዋወጫ ያስፈልጋል፤ መኪና የማይገፋው መንገድ ያስፈልጋል፤ የሚያስተምር ሰውም ያስፈልጋል። ገበያ ያልወጣ ዕቃ ዋጋው ስንት እንደሆነ አይታወቅም። እኛ ግን ሳናወጣው «ገዢ የለውም» ብለን ፈርደንበታል።

ታሪካችንም ቢሆን አባባሉን አይደግፍም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። የተወዳደርነውም በሁለት ስፖርት ብቻ ነበር፤ በአትሌቲክስና በብስክሌት። ማሞ ወልዴ በሩጫው በኩል ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ደግሞ በብስክሌቱ። ዓለም ፊት ስንቀርብ በእግርም በጎማም ነበር የቀረብነው። ከ4 ዓመት በኋላ የአበበ ወርቅ መጣና ዓይናችን ሁሉ ወደ ሩጫው ዞረ። መዞሩ ተገቢ ነው፤ ወርቅ ያለበትን መንገድ ማን ይተዋል? ግን ሌላው መንገድ የተዘጋው ሰውነታችን እምቢ ስላለ አይደለም።

ጎረቤታችንን ኤርትራን እንይ። አስመራ እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። አየሩ ቀጭን ነው፣ ምግቡ እንጀራ ነው፣ የሰዉም ቁመና እንደ እኛው ነው። ሆኖም እዚያ የልጅ ሕልም ብስክሌት ነው። ጣሊያን ብስክሌቱንና የተጠረገ መንገዱን ትቶ ሄዷል፤ ጂሮ ዲ ኤርትራ የተባለው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1946 ተጀምሯል፤ ልጅ ደጁ ላይ የሚያየው ብስክሌተኛ ነው። በዚያ ከተማ ያደገው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ 3 ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ለበሰ። በእኛም በኩል ብስክሌት ብርቅ ካልሆነባት ከመቀሌ ጽጋቡ ግርማይ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እንግዲህ ደጋው አንድ፣ ሰዉ አንድ፤ የተለየው ልጁ ጠዋት በሩን ሲከፍት የሚያየው ነገር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምሩን ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ስፖርትን የጀመረው በብስክሌት ነው። ዘግይቶ ወደ ሩጫ ገባና እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ ለኤርትራም የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሊዝበን ላይ ግማሽ ማራቶንን በ58 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ካናዳዊው ማይክል ውድስ ደግሞ በተቃራኒው ነው። በወጣትነቱ አንድ ማይልን ከ4 ደቂቃ በታች የሚሮጥ ልጅ ነበር። የእግሩ አጥንት እየተሰነጠቀ ሩጫውን ሲያስተወው ብስክሌት ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2023፣ በ36 ዓመቱ፣ ቱር ደ ፍራንስ ውስጥ ፑይ ደ ዶም የተባለውን ተራራ ወጥቶ የዕለቱን ውድድር አሸነፈ። ዘርሰናይ በብስክሌቱ፣ ውድስም በሩጫው ብቻ ተመዝነው ቢቀሩ ኖሮ ማንነታቸውን ማንም አያውቅም ነበር።

ይህን ስል ሁለቱ ስፖርቶች አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ልብና ሳንባ ለሁለቱም ያገለግላሉ፤ እግር ግን የሚሠራው ሥራ ይለያያል። ሯጭ ክብደቱን ራሱ ይሸከማል፤ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ከክብደቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን ጫና ይቀበላል። ስለዚህ ቀጭን ባትና የማይደክም ጅማት ይጠቅመዋል። ብስክሌተኛውን ኮርቻው ይሸከመዋል፤ ጠላቱ ነፋስ ነው። ፍጥነቱን እጥፍ ሲያደርግ የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ከሌላ ብስክሌተኛ ጀርባ የተጠጋ ግን ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ጉልበት ይቆጥባል። ለዚህ ነው ሜዳ ላይ ወፍራም ጭን ያለው ጎልማሳ ቀጭኑን ጥሎት የሚሄደው።

ከመተማ ጎንደር የተመላለሰ ነጋዴ ይህን በመኪና ያውቀዋል። ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ ሜዳው ላይ ከባዶው እኩል ይሄዳል። ዳገቱ ሲጀምር ግን ባዶው ትቶት ይጠፋል። መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ ጎንደር ከ2,000 በላይ ነው፤ የመኪናው አቅም የሚታወቀው በመካከል ባለው ዳገት ነው። ሰውም እንዲሁ ነው። ካርቱም ከፍታዋ 400 ሜትር አይሞላም፤ ከካፉሪ ተነስቶ በየትም አቅጣጫ ቢነዱ ዳገት የሚባል የድልድይ አቀበት ብቻ ነው። እዚያ ሜዳና ነፋስ ላይ ተመዝኖ «ደካማ ነው» የተባለ ቀጭን ልጅ፣ እንጦጦ ዳገት ላይ ቢመዘን ሌላ ልጅ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ቆላ ነው ብሎ ሩጫውንም መናቅ አይገባም። ሱዳናዊው እስማኢል አሕመድ እስማኢል እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ በ800 ሜትር ብር ወስዶ ለሱዳን የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አምጥቷል። ቆላውም ሯጭ ያወጣል፤ ደጋውም ብስክሌተኛ ያወጣል።

ታዲያ የአንድን ልጅ አቅም እንዴት እንመዝን? እኔ የምለው እንደ ንግድ ሒሳብ በጊዜ ገደብ እንያዘው ነው። አንድ ቀን ሮጦ አንድ ቀን የነዳ ልጅ ምንም አላሳየንም። 8 ሳምንት ያህል እንስጠው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሩጫ፣ ሁለት ቀን ብስክሌት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ። መንገዱ አንድ ይሁን፤ ሰዓቱ ይመዝገብ። ጎማው ይነፋ፤ ኮርቻውም ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቱ ጥቂት ብቻ እስኪታጠፍ ድረስ ከፍ ይበል። ዝቅ ያለ ኮርቻ ጎበዙንም ሰነፍ ያስመስለዋል። መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን ሳምንት ከስምንተኛው ጋር እናስተያይ። ዛሬ ፈጣን የሆነበት ሳይሆን ቶሎ የተሻሻለበት ነው ወደፊቱን የሚናገረው። ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደር ይቅርብን፤ ያኛው የሁለት ዓመት ልምድ ይኖረው ይሆናል።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። በማግስቱ ጉልበቱን ወይም ቁርጭምጭሚቱን የሚያመው በየትኛው ነው? ሳይቀሰቀስ ተነስቶ የሚወጣውስ ለየትኛው ነው? ይህን ከእናቱ የተሻለ የሚያውቅ አሠልጣኝ የለም።

ሴቶች ልጆቻችንንም አንርሳ። ለእነሱ «አትችይም» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዴ በሐበሻነታቸው፣ አንዴ በሴትነታቸው። በትግራይ ያደገችው እየሩ ገብሩ ከአገሯ ተሰዳ ፈረንሳይ ከገባች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ በስደተኞች የኦሊምፒክ ቡድን ስም በብስክሌት ተወዳድራለች። ስደት ምን እንደሆነ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

«ሩጫ በነጻ ነው፣ መንገዱም የታወቀ ነው፣ ለምን ባልታወቀ ነገር ገንዘብ አወጣለሁ?» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፤ ኪሱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ዛሬ የቤት ኪራይ ያልሞላለትን ሰው ብስክሌት ግዛ አልለውም። የምለው ምክንያታችንን በስሙ እንጥራው ነው። ደግሞ ሁሉም የራሱን ይግዛ አልተባለም። ዕቁብ የምንጥል ሰዎች ነን፤ ሦስት ወይም አራት ቤተሰብ ተዋጥቶ አንድ ያገለገለ ብስክሌት ቢገዛ ልጆቹ በየተራ ይነዱታል። ከልጆቹ አብዛኞቹ ሻምፒዮን አይሆኑም፤ በሩጫውም አይሆኑም። ጤናቸውንና ራሳቸውን ማወቃቸው ግን ትርፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ተቀምጦ ጉልበቱን ለሚያመው አባትም ከሩጫው ይልቅ ብስክሌቱ ይቀልለዋል፤ ተራው ሲደርስ እሱም ይንዳው።

ለመግዛትም ለመዋጣትም አቅም የጠፋበት ወላጅ ደግሞ እውነቱን ይናገር፦ «ልጄ፣ ትችል እንደሆነ ገና አላየንም፤ አሁን ገንዘቡ የለኝም፤ እስከዚያው ሩጥ።» እንዲህ የተባለ ልጅ ብስክሌት ባያገኝም ተስፋው አብሮት ይቆያል።